መሐንዲሱ ያስቀረው ኃይል

ዛሬ በየከተማው መኪናውን ይወድዳል የተባለ ሰው ሁሉ፣ ከመሪው በታች ባለችው ሶኬት አንዲት ገመድ ተሰክታ፣ ከገመዷ ማዶ የተቀመጠው ኮምፒውተር ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሠራ ቆይቶ፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ አንድም ብረት ሳይነካ፣ የሞተሩ ጉልበት በአምስተኛ እጅ ወይም ከዚያም በላይ ሊጨመርለት እንደሚችል የሚነግረው ባለሙያ አያጣም። ሪማፕ የሚባለው ይህ ሥራ የዘመኑ ረቂቅ ጥበብ ይመስላል፤ ባለመኪናውም ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ሳያስጨንቀው አይቀርም፤ ይኸውም፣ ያ ሁሉ ኃይል በሞተሩ ውስጥ ከነበረ የሠራው ፋብሪካ ስለምን አስቀረው የሚለው ነው። ጥያቄው ከኮምፒውተሩ እጅግ የሚቀድም፣ የአውቶሞቢልን ዕድሜ ሊያህል ጥቂት ብቻ የቀረው ነውና፣ ልጨምር ወይስ ልተው እያለ የሚያመነታ ሰው መልሱን ከሻጩ አንደበት ይልቅ ከታሪኩ ቢፈልገው ይሻለዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት የጠየቀባት ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላ ጉልበቷ አንድ ፈረስ እንኳ የማይሞላ ነበረና፣ የዚያን ጊዜ ሰው ያለ ፈረስ መንቀሳቀሷን እያደነቀ ስለ ፍጥነቷ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ግን፣ አንድ ሞተር ሲነደፍ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል እንደሚበደል መሆኑን ለዓለም አስተማረ። ባለ 2.9 ሊትሩ ሞተር በመጀመሪያ 22 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር፤ ፋብሪካው ግን ከጊዜ በኋላ በሲሊንደሩ ውስጥ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ የሚታመቅበትን መጠን ዝቅ ስላደረገው ኃይሉ ወደ 20 ወረደ። ዛሬ አንድ ኩባንያ የሚሸጠውን ሞተር ከዓመት ወደ ዓመት ቢያደክመው የሚደንቀን ሰዎች ብንሆንም፣ የሞዴል ቲ ገዥ አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ እንደ ነበረ፣ ከየገጠሩ ሱቅ የሚቀዳውም ቤንዚን ጥራቱ በየቦታው የተለያየ እንደ ነበረ፣ መኪናዋም በጭቃና በአቧራ ውስጥ ከመካኒክ ርቃ የምትኖር እንደ ነበረች ስናስብ የፎርድ አሳብ ይገባናል። በ1927 ሥራው እስኪቋረጥ ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ተሠርቷል።

ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር ሁሉ ሁለት ኃይል አለው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ አንደኛው በወረቀት ላይ ተጽፎ ለገዥ የሚሸጠው ነው፤ ሁለተኛው ገበሬ ለክፉ ቀን ከጎተራ እንደሚያስቀረው እህል፣ መሐንዲሱ ለመጥፎ ነዳጅ፣ ለሙቀት፣ ለከፍታና ለቸልተኛ ባለቤት ብሎ ያስቀመጠው ነው። የኃይል ጨማሪዎች ታሪክም ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ የዚህ የሁለተኛው ኃይል ታሪክ ነው።

ጎተራውን ቀድመው ከከፈቱት መካከል አንዱ፣ የታሪክ ቀልድ በሚመስል አኳኋን፣ ሉዊ ሼቭሮሌ ነበር። ስሙን የፎርድ ዋና ተቀናቃኝ ለሆነው ኩባንያ ትቶ ከወጣ በኋላ፣ ከወንድሞቹ ጋር ፍሮንቴናክ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ፣ ለሞዴል ቲ ሞተር የሚገጠም፣ አየር እንደ ልብ የሚያስተነፍስ አዲስ ቴስታታ እየሠራ ይሸጥ ጀመር። በዚህ ቴስታታ የተዘጋጀች የፎርድ መኪና በ1923 የኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል ውድድር አምስተኛ ስትወጣ፣ እጅግ ውድ ከሆኑት የእሽቅድምድም መኪኖች ብዙዎቹ ከኋላዋ ቀሩ። የገበሬው ሞተር ከተነገረለት በላይ ይችል እንደ ነበረ በአደባባይ ተገለጠ።

በ1932 ፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ድኻ ሊገዛው በሚችል መኪና ላይ ሲያወጣ ነገሩ ከጥቂት ጠቢባን እጅ ወጥቶ የወጣቶች ሁሉ ሆነ። 65 የፈረስ ጉልበት የነበረው ይህ ሞተር እንደ ተጣለ ዕቃ በርካሽ መገኘት በጀመረበት ጊዜ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ጎረምሶች አሮጌ ፎርዶችን እየገዙ፣ ጭቃ መከላከያቸውንና ጣራቸውን እየነቀሉ፣ ሙሮክ በሚባለው ደረቅ የሐይቅ ወለል ላይ ፍጥነታቸውን ይለኩ ጀመር፤ በ1937ም የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ሥራቸው የእጅና የዓይን ሥራ ነበር። ድብልቁ በይበልጥ እንዲታመቅ ቴስታታውን ከሥር ይልጣሉ፤ አንዱን ካርቡሬተር አንሥተው ሁለት ወይም ሦስት ይተክላሉ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ቫልቮቹ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ በአዲስ ቅርጽ ይሞርዱታል። ቪክ ኤደልብሮክ የተባለው መካኒክ ለራሱ መኪና በ1930ዎቹ መጨረሻ ያወጣው የአየር ማስገቢያ ቱቦ በኋላ ጊዜ ትልቅ ኢንዱስትሪ ወልዷል።

ዳሩ ግን ይህ ሞተር አንድ የተፈጥሮ ጉድለት ነበረበት። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውጭ የሚወጣባቸው መተላለፊያዎች በሞተሩ ዋና ብረት ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ውሃ በሚዞርበት አጠገብ ያልፉ ስለ ነበር፣ የሚቃጠለው ነዳጅ በበዛ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ውሃው እየገባ ራዲያተሩን ያፈላው ነበር። በሐይቁ ወለል ላይ ሩጫው በደቂቃዎች የሚያልቅ በመሆኑ ጉዳት አላመጣም፤ ያንኑ ሞተር ይዞ በበጋ ቀን ረጅም አቀበት ለሚወጣ ሰው ግን ሌላ ነገር ነበር። ስለ ኃይል መጨመር የሚከራከሩ ሰዎች እስከ ዛሬ የማይግባቡት፣ እንደሚመስለኝ፣ አንዱ የሚናገረው ስለ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለተኛው የሚናገረው ስለ አሥር ዓመት በመሆኑ ነው።

ድብልቁን በይበልጥ ማመቅ ኃይል እንደሚሰጥ የታወቀ ቢሆንም፣ ከመጠን ሲያልፍ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ እየፈነዳ ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ማንኳኳቱም ካልቆመ ፒስተኑን ይበሳዋል። ቶማስ ሚጅሊ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ በ1921 መጨረሻ ጥቂት የእርሳስ ውሕድ በቤንዚን ላይ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚቆም ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ1923 ጀምሮ ተሸጠ፤ በማግስቱ ዓመት በኒው ጀርሲ ውሕዱ በሚሠራበት ስፍራ አምስት ሠራተኞች በመርዙ ሞቱ፤ ሽያጩ ግን ለጥቂት ጊዜ ከመገታቱ በቀር አልቆመም። የዓለም መኪና ሁሉ ለጥቂት ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ሲል እርሳስ በሕፃናት አፍንጫ ላይ ሲተፋ ኖሮ፣ አልጄሪያ የመጨረሻውን እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው በ2021 ነው። ኃይል የጨመረውና ዋጋውን የከፈለው ሰው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ወደ አውሮፓ ስንሻገር፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ እናገኛለን፤ እርሱም በአገራችን መንገዶች ላይ ዕድሜ ጠግቦ ያልጠፋው ቮልስ ነው። በፌርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ የተነደፈው ይህ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ 1,131 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ይዞ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በ1954 ወደ 30 ከፍ አለ። ሞተሩ ከዚህ የበለጠ ለመስጠት ዐቅም አጥቶ አልነበረም። አየር የሚገባበት ቱቦ ሆን ተብሎ ቀጠነ፤ ካርቡሬተሩም ሆን ተብሎ አነሰ፤ በያንዳንዱ ቴስታታ ላይ ሁለት ሲሊንደሮች አንዲት የአየር በር እንዲካፈሉ ተፈረደባቸው፤ ይህም የሆነው ነጂው የቤንዚን መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ቀኑን ሙሉ ቢነዳ እንኳ፣ ሞተሩ ከሚችለው ዙር በላይ መተንፈስ ስለማይቻለው ራሱን እንዳያጠፋ ነው። የመኪናዋ ከፍተኛ ፍጥነትና የዘወትር ፍጥነት አንድ ሆኑ ማለት ነው። ሌላው መሐንዲስ ለነጂው ምክር በመጽሐፍ ጽፎ የሚሰጠውን፣ ፖርሽ በብረቱ ውስጥ ሕግ አድርጎ ደነገገው። እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቶ፣ ከነዚህም ብዙዎቹ የመጀመሪያ ባለቤቶቻቸውን ቀብረው መኖራቸው የዚህ ድንጋጌ ፍሬ ነው።

ሕግ ባለበት ግን ሕጉን የሚፈታ አይታጣም። ጌርሃርድ ኦቲንገር የተባለው ጀርመናዊ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኦክራሳ በሚል ስም ለቮልስ የሚሆን የመለወጫ ዕቃ ማቅረብ ጀመረ፤ ለያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር በር ያለው ቴስታታና ሁለት ካርቡሬተሮች ነበሩበት። ኦቲንገርን ከተራ ነጋዴ የሚለየው፣ ትንፋሹን ከፍቶ ብቻ ሳይተው፣ ፒስተኑ ረዘም ያለ ርቀት እንዲመላለስ የሚያደርግ አዲስ ኮሎም እየሠራ ማቅረቡ ነው። ፖርሽ በቱቦ ጥበት የከለከለውን ሲፈቅድ፣ ከፈቃዱ የሚመጣውን ሸክም የሚሸከም ብረት አብሮ ሰጠ።

በዚሁ ዘመን ይህን ሥራ ከጋራዥ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ዝና ያደረሰው ካርሎ አባርት ነው። በ1908 በቪየና ተወልዶ፣ በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ስም ካተረፈ በኋላ፣ በ1949 በጣልያን አገር በራሱ ስም የሚጠራ ድርጅት አቋቋመ፤ የልደት ኮከቡ ዐቅራብ ስለ ነበረም ጊንጥን ዓርማው አደረጋት። የመጀመሪያ ትርፉ ከማርሚታ የተገኘ ነው፤ የፊያት ባለቤት ሁሉ አነስተኛ ገንዘብ ከፍሎ፣ ጥቂት ኃይልና ከኃይሉ የሚበልጥ ድምፅ ይገዛ ነበር። ፊያት በ1955 ሰይቼንቶን ባወጣ ጊዜ፣ አዲስ አበባ በኋላ በሰማያዊና በነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና ያወቀቻት ያች ትንሽ መኪና በ633 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ሞተሯ ከ21 የፈረስ ጉልበት ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበራት። አባርት ሞተሩን ወደ 747 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር አሳድጎ፣ ኮሎውን፣ ፒስተኑን፣ ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን ለውጦ፣ ጉልበቷን ወደ 40 አደረሰው፤ ከዚያም የመለወጫውን ዕቃ ሁሉ በእንጨት ሣጥን አሽጎ ለየመካኒኩ ይልክ ጀመር። ሣጥኑን የገዛ ሰው የገዛውን ነገር በዓይኑ ያየዋል፤ ኮሎው ይከብደዋል፤ መካኒኩ ሞተሩን አውርዶ ሲገጥምለት የቀኑን ሥራ ይቆጥራል። ያች ሰይቼንቶ ተሳፋሪዎቿን ሞልታ የቸርችልን ጎዳና እያቃሰተች ስትወጣ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ሣጥኑ ለባለታክሲው ቢደርሰው ኖሮ ምን ያደርግበት ነበር ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ እኔስ አንድ ሰው ደርቦ ይጭንበት ነበር ባይ ነኝ።

የአባርት የእሽቅድምድም ሰይቼንቶዎች ሲታዩ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚስበው፣ ከኋላ ያለው የሞተር ክዳናቸው በዘንግ ተደግፎ ተከፍቶ መሮጣቸው ነው። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ለ21 የፈረስ ጉልበት በተሠራ ቤት ውስጥ እጥፉና ከእጥፍ በላዩ ሲገባ ሙቀቱ መውጫ በማጣቱ የተደረገ ነው። በካሊፎርኒያ ራዲያተሩን ያፈላው ሙቀት በቱሪን ክዳኑን አስከፈተ። ፊያት ድርጅቱን በ1971 ጠቀለለው።

ጀርመናዊው ቡርካርድ ቦቨንዚፐን ደግሞ፣ አባቱ አልፒና በሚል ስም የጽሕፈት መኪና በሚሠራበት ቦታ፣ በ1962 ለቢኤምደብሊው 1500 ባለ ሁለት ካርቡሬተር መለወጫ ሠራ፤ የ80 የፈረስ ጉልበቱ መኪና ባለቤት ከእርሱ በኋላ የወጣችውን የ1800ን 90 ጉልበት እንዲያገኝ ለማድረግ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው፤ ቢኤምደብሊው የአልፒናን ሥራ መርምሮ፣ መለወጫው የተገጠመላት መኪና የፋብሪካውን ዋስትና እንዳታጣ በ1964 ፈቀደ። ፋብሪካው ያስቀረውን ኃይል ሌላ ሰው ሲያወጣው ተጠያቂነቱን አብሮ መሸከሙ ያልተለመደ ነው፤ ዛሬ ሪማፕ የሚሸጥልንን ሰው አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባውም፣ ኮሎው ወይም ቱርቦው የተሰበረ ቀን ማን ይከፍላል ብለን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብረትና ስለ ቤንዚን ቢሆንም፣ የሞተር ኃይል መሠረቱ አየር ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በሥርዓት ለመቃጠል 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋልና። በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይዞ ከጠረፍ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ መንገድ ማጣቱን ሁሉም ያወራለታል፤ ሞተሩ ከፍታውን በወጣ ቁጥር ትንፋሽ እያጠረው መሄዱን ግን ማንም አያነሣለትም። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት ሩብ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ መቶ የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር እዚህ ሲደርስ ሰባ አምስት ያህሉን ይዞ ይሠራል። እኛ ሳንጠየቅ ሩቡን የከፈልን ሰዎች ነን።

ይህን ቀረጥ ለማስቀረት የተገኘው ጥበብ ቱርቦ ነው። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡሺ በ1905 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ በኮሎራዶ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ 230 ያህል ብቻ ሲሰጥ፣ የሚወጣው ጋዝ ራሱ በሚያሽከረክረው መንኮራኩር አየር ሲታመቅለት ግን ከ350 በላይ ሆነ። ቱርቦ ከልደቱ ጀምሮ የደጋ ሰው መድኃኒት ነበር ማለት ይቻላል። ለመንገድ መኪና ግን በ1962 በአሜሪካ ተሞክሮ ብዙም ሳይሰምርለት ቀርቶ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሳብ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ ለዘወትር አገልግሎት አበቃው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ደረስን። የካሊፎርኒያ ሰማይ በጭስ በመጥቆሩ ምክንያት አሜሪካ የመኪናን ጭስ በሕግ መገደብ ስትጀምር፣ ካርቡሬተር ያንን ጥንቃቄ ሊያሟላ ስላልቻለ፣ የጀርመኑ ቦሽ በ1967 ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ የሚረጭ ሥርዓት በቮልስ ዋገን ላይ አወጣ፤ በ1979 ደግሞ የነዳጁንና የካንዴላውን ሥራ በአንድ ኮምፒውተር የሚያዝዘውን ሞትሮኒክ በቢኤምደብሊው 732 ላይ ገጠመ። በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነገር ሲታይ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላው በኩል የተሸከመው ጭነት ይወርዳል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት በያንዳንዱ ሣጥን ካንዴላው መቼ እንደሚለኩስ፣ ነዳጁ ምን ያህል እንደሚረጭ ተጽፏል። ፖርሽ በቱቦ ጥበት የጻፈው ሕግ፣ ፎርድ በእምቅታ መጠን የጻፈው ሕግ፣ ሁሉም ወደ ቁጥር ተለወጠ።

ቁጥር ደግሞ ይፋቃል። በ1971 በኢንቴል ኩባንያ ዶቭ ፍሮማን የፈለሰፈው የማስታወሻ ቺፕ በላዩ ትንሽ የመስተዋት መስኮት ነበረው፤ በዚያች መስኮት አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሲገባበት የተጻፈበት ሁሉ ይጠፋና እንደገና ይጻፍበታል። የ1980ዎቹ ኃይል ጨማሪዎች የመኪናውን ኮምፒውተር ፈትተው ቺፑን ነቅለው፣ ቁጥሮቹን በትዕግሥት እየመረመሩ የትኛው ሰንጠረዥ የምን እንደሆነ ካወቁ በኋላ፣ አዲስ ጽፈው፣ መስኮቷን ብርሃን እንዳይገባባት በወረቀት ለጥፈው ይመልሱት ነበር። ኋላ ላይ መንቀል እንኳ ቀረ፤ ለጭስ ቁጥጥር ተብላ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ በየመኪናው ግዴታ የሆነችው ሶኬት ለሕግ አስከባሪው በር እንደሆነች ሁሉ ለሕግ አፍራሹም በር ሆነች። የአባርት ሣጥን ክብደት ነበረው፤ የዛሬው ፋይል ክብደት የለውም፤ በዚህም ምክንያት ባለመኪናው ምን እንደ ገዛ፣ ምንስ እንዳልገዛ በዓይኑ የሚያይበት መንገድ ጠፋ። ኮሎ፣ ፒስተን፣ ፍሪሲዮን ካልተለወጡ፣ የተለወጠው ነገር የመሐንዲሱ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ እጅግ የሰመረለት በቱርቦ ናፍጣ ነው። አውዲ በ1989 ባወጣው ባለ 120 የፈረስ ጉልበት መኪና፣ አልፋ ሮሜዮ በ1997 ባወጣውና ነዳጁን በ1,350 ባር ግፊት በሚረጨው ሞተር የናፍጣ መኪና የጭነት ዘመድ መሆኑ ቀረ፤ የቱርቦውን ግፊትና የናፍጣውን መጠን የሚወስኑት ቁጥሮች በጥቂቱ ሲነኩም የሚገኘው ኃይል ብዙ ነው። ያለ ቱርቦ በሚሠራ የቤንዚን ሞተር ላይ ግን ኮምፒውተሩ ከሰማይ አየር ሊያመጣ አይችልምና፣ ለጥቂት የፈረስ ጉልበት ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ገንዘቡን ቢያስቀምጠው ይሻላል፤ በዚህስ ብዙ ክርክር አያስፈልግም።

በናፍጣው በኩል የኃይሉ ተረፈ ምርት ጥቁር ጭስ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 የሚበልጡ የናፍጣ ፒክ አፖች የጭስ ማጣሪያ ሥርዓታቸው በዚህ መንገድ ከሥራ ውጭ እንደ ተደረገ ገምቷል። ነገር ግን ትንንሾቹን ጋራዦች ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ በ2015 መስከረም ወር ይኸው መሥሪያ ቤት ቮልስ ዋገንን እንደ ከሰሰው፣ መኪናው በመርማሪ ፊት መቆሙን የሚያውቅ፣ ምርመራው ሲያልቅ የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚያላላ ቁጥር በሰንጠረዡ ውስጥ የጻፈው ፋብሪካው ራሱ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ይህን ተሸክመው ተገኙ። ጥንቃቄን በብረቱ ውስጥ የደነገገው የፖርሽ ቮልስ በወጣበት ቤት ይህ መደረጉ ያሳዝናል።

እንግዲህ የዛሬው ባለመኪና ምን ያድርግ? አንድ ዓይነት ሞተር በሁለትና በሦስት ዓይነት ጉልበት መሸጡ እውነት ነው፤ በአንዳንዶቹም መካከል ያለው ልዩነት ቁጥር ብቻ ነው። በሌሎቹ ግን ጠንካራው ሞተር ሌላ ቱርቦ፣ ሌላ ፒስተን፣ ሌላ ካምቢዮ አለው፤ ክዳኑን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ያስቀሩት ኃይል ለምን እንደ ቀረ ማወቅ ነው፤ ለግብርና ለገበያ ሲባል ብቻ ከቀረ ቢወሰድ ብዙ አይጎዳም፤ ለሙቀትና ለመጥፎ ናፍጣ ከቀረ ግን መከታው ተነሣ ማለት ነው። በደጋ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቱርቦ ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ የታዘዘውን ግፊት ለማግኘት ከስስ አየር ብዙ መምጠጥ ስላለበት ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ መዞር ይገደዳል፤ የፋብሪካው ሰንጠረዥ ይህን አውቆ በከፍታ ላይ ትእዛዙን የሚቀንስ ገጽ አለው። ከባሕር ማዶ ተዘጋጅቶ የመጣ ፋይል ይህን ገጽ የሰረዘው እንደሆነ፣ ቱርቦው ለሜዳ አገር የተጻፈውን ትእዛዝ ለመፈጸም ሲል ራሱን ይጨርሳል። ያው መኪና ከአዲስ አበባ ወርዶ አዋሽ ሲደርስ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይበረታል፤ በደጋ ደህና ሆኖ የተገኘው ቁጥር በቆላ ማንኳኳት ሊያመጣ ይችላል።

ሞተሩ ጤናማ የሆነ፣ ዘይቱን በወቅቱ የሚለውጥ፣ ፍሪሲዮኑ ቢቃጠል የሚለውጥበት ገንዘብ ያለው፣ ኃይሉን በመለኪያ መንኮራኩር ላይ ከመጨመሩ በፊትና በኋላ በዚያው በሚኖርበት ከፍታ የሚያስለካ ሰው ካለ፣ እርሱን አልከለክለውም። ተሳፋሪ ወይም ሸቀጥ ጭኖ እንጀራውን የሚያገኝበት ሰው ግን ከነካው ተሳሳተ ብዬ እፈርዳለሁ። በኢትዮጵያ ገጠር ስንት ዓመት ሙሉ የተመላለሰው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ በ1990 ሲወጣ ጀምሮ ያለ ቱርቦ 130 ያህል የፈረስ ጉልበት ብቻ ሲሰጥ፣ የጀርመኑ ኤኤምጂ በ2019 ከሁለት ሊትር ቤንዚን ሞተር 421 አውጥቷል። የቶዮታ መሐንዲሶች ያን ያህል ማውጣት የተሳናቸው መስሎት የሚስቅ ሰው፣ ያንን ላንድ ክሩዘር በኦጋዴን ጉድጓድ ውስጥ ተይዞ፣ ከበርሜል በተቀዳ ናፍጣ፣ ያለ ኮምፒውተር ሲወጣ ቢያይ አሳቡን ይለውጥ ነበር።

ክርክሩም መልኩን ሊለውጥ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስታግድ፣ የደጋው ቀረጥ ለአዲስ መኪና ገዥዎች ቀረ፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና በእንጦጦም በአዋሽም ጉልበቱ አይለያይም። የሚያስቀሩት ኃይል ግን በእርሱም ውስጥ አለ። ቴስላ በ2019 መጨረሻ ለሞዴል 3 ባለቤቶች 2,000 ዶላር ቢከፍሉ በአየር ላይ በሚላክ ትእዛዝ ብቻ መኪናቸው ፈጥኖ እንዲነሣ የሚያደርግ ሽያጭ ጀመረ፤ መርሴዲስ በ2022 በአሜሪካ ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ ይህንኑ በየዓመቱ 1,200 ዶላር እንደሚያስከፍል አስታወቀ፤ የዓመቱን ክፍያ ያላደሰ ሰው መኪናው ወደ ቀድሞው ጉልበቱ ይመለሳል። ቁልፉን ከሼቭሮሌ፣ ከአባርትና ከጎረምሶቹ እጅ ነጥቆ የያዘው ፋብሪካው ነው፤ የሚሸጠውም፣ መኪናው በወጣበት ቀን ውስጡ የነበረውን ነው።